የኅብረተሰብ ጥናት በወልቂጤና በቡታጅራ፤ ከመንገድ ማኅበር እስከ ቤት ለቤት ቆጠራ

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የሚሰጡት የትምህርት ዓይነቶች ተራ በተራ ቢዘረዘሩ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በአንድ ወገን፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ በሌላ ወገን ተሰልፈው ይገኛሉ። ሒሳብና እንግሊዝኛ ሁለቱንም ወገኖች ያገለግላሉ። ሶሺዮሎጂ፣ ማለትም ሰዎች ተሰባስበው የሚኖሩበትን ሥርዓት፣ የሚተዳደሩበትን ልማድና የሚተሳሰሩበትን ማሠሪያ የሚመረምረው የዕውቀት ዘርፍ፣ በስሙ ተለይቶ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ተማሪው ይህን ዕውቀት በመደበኛ ትምህርት የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ዕድል ከቀናው ብቻ ነው። ዕድሉ ያልቀናው ግን ስለ አተምና ስለ ሕዋስ፣ ስለ አክሱምና ስለ አውሮፓ ጦርነቶች የተማረውን ያህል ተወልዶ ስላደገበት መንደር አኗኗር ሥርዓት ባለው መንገድ ሳይማር ትምህርቱን ይጨርሳል።

ይህ ጉድለት በመላው ኢትዮጵያ የሚታይ ቢሆንም፣ በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው አገር ግን ነገሩ ለየት ያለ መልክ አለው። ምክንያቱም በአገራችን ውስጥ የኅብረተሰብ ጥናት ጠበብት ደጋግመው ከተመላለሱባቸው፣ ከጻፉባቸውና ከቆጠሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይኸው የጉራጌ ምድር ስለሆነ ነው። ሕዝቡም ቢሆን ለሌሎች ጥናት መስክ ሆኖ ብቻ አልቀረም፤ በራሱ ማኅበራት አማካይነት መንገድ እየቀየሰና እያሠራ፣ ስለ ኅብረት ጉልበት መምህራን በመጽሐፍ ሊያስተምሩት የሚፈልጉትን ነገር በተግባር አሳይቷል። ስለሆነም ትምህርቱ በሌለበት ጥናቱ የበዛበትን የዚህን አገር ታሪክ መመልከት፣ በሙያው መንገድ ለሚቀይስ፣ ውኃ ለሚያወርድና ሕንፃ ለሚያንጽ ሰው የሚሰጠው ቁም ነገር ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት የሌላቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ትምህርቱ ወደ አገራችን እንዴት ገባ?

ኅብረተሰብን እንደ አንድ የምርመራ ጉዳይ መመልከት የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። የሰሜን አፍሪቃው ሊቅ ኢብን ኻልዱን በ14ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) በጻፈው ታዋቂ መቅድም፣ ነገሥታት የሚነሡትና የሚወድቁት በሕዝቡ መካከል ያለው የመተሳሰር ኃይል ሲጠነክርና ሲላላ መሆኑን አትቶ ነበር። ሶሺዮሎጂ የሚለውን ስም ለዚህ ዘርፍ በመስጠት ያስፋፋው ግን ፈረንሳዊው ኦጉስት ኮምት ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ በየዩኒቨርሲቲው ሥር እየሰደደ ሄዶ፣ በአንዳንድ አገሮች ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወርዷል። በህንድ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሶሺዮሎጂን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ትምህርት መርጠው ይማሩታል፤ በእንግሊዝም ከትምህርት ቤት የመጨረሻ ፈተናዎች አንዱ ሆኖ ሲሰጥ ብዙ ዓሥርተ ዓመታት አልፈዋል።

በኢትዮጵያ የትምህርቱ መነሻ ከፍተኛው ትምህርት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ የኮሌጁ ተማሪዎች የየአካባቢያቸውን ልማድና ሥርዓት እየጻፉ የሚያቀርቡበት የሥነ ሕዝብ ጥናት ማኅበር ተመሥርቶ ነበር። ማኅበሩን በቅርብ የረዱት የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ናቸው። የማኅበሩም መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ መታተም ጀመረ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ገና የትምህርት ቤት ወንበር የለቀቁት ወጣቶች ወደየመጡበት ቀዬ ተመልሰው የሠርጉን፣ የለቅሶውንና የእርሻውን ሥርዓት በጽሑፍ ሲያስቀምጡ፣ የኅብረተሰብ ጥናት የግድ ከውጭ በመጣ መምህር አፍ የሚጠበቅ ነገር አለመሆኑን አረጋግጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1959 የማኅበራዊ ኑሮ አገልግሎት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም የሶሺዮሎጂና የአንትሮፖሎጂ ትምህርት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቦታውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ሥራውን ጀመረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ከታሪክ፣ ከጂኦግራፊና ከግብረ ገብ ውጭ የኅብረተሰብ ጥናት የሚባል ነገር አላስገባም።

ጥናቱ ያገኘው አገር

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማው 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ግቤ ሸለቆ ከመወረዱ በፊት የምትገኝ ከተማ ናት። ቡታጅራ ደግሞ ከዓለም ገና ወደ ደቡብ በሚታጠፈው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሚደርሱባት፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች የገበያ ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የዘቢዳር ተራራ የሚገኝበት የጉራጌ ተራራማ ሰንሰለት ተጋርዷል። በዘውዱ ዘመን የወልቂጤ አካባቢ በጨቦና ጉራጌ አውራጃ፣ ቡታጅራ ደግሞ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ይተዳደሩ ነበር። ኋላም ሁለቱም በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ቆይተው፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ከተቋቋመ ወዲህ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች።

ይህ አገር የተመራማሪዎችን ዓይን የሳበው በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛው እንሰት ነው። ከእህል ይልቅ በእንሰት የሚተዳደር ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ተጠጋግቶ ለመኖር ስለሚችል፣ የመንደሩም አሠፋፈር፣ የቤተሰቡም የሥራ ክፍፍል ከዚሁ ተክል ጋር የተሳሰረ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በቸሃ ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የሰየመው በዚሁ ምክንያት ነው። የቋንቋው ሊቅ ቮልፍ ሌስላውም የጉራጌን ቋንቋዎች ለብዙ ዓመታት አጥንቶ፣ የቃላቱን ሥርና ዝምድና የሚገልጽ ባለ ሦስት ቅጽ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትሟል።

ሁለተኛው የመንደሩ አቀማመጥ ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ መንደር ውስጥ በትይዩ በተሠሩ ቤቶች መካከል የሚዘረጋው፣ በሣር የተሸፈነው ሰፊ የጋራ ሜዳ ጀፎረ ይባላል። ጀፎረ መንገድም ነው፣ አደባባይም ነው። ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ የመስቀል በዓሉና ሽምግልናው የሚከናወነው በእርሱ ላይ ነው። ወሰኑን የሚጠብቅለት የከተማ ፕላን መሥሪያ ቤት ሳይኖር ለትውልዶች ሳይታረስና ሳይታጠር መቆየቱ፣ የሕዝቡ የጋራ ሕግ ምን ያህል ጠንካራ እንደነበረ ያስረዳል። ይህም ሕግ በሰባት ቤት በየጆካ ሸንጎ የሚታወቀው ቅጫ ሲሆን፣ በክስታኔ በኩል ደግሞ ጎርደና ሴራ ይባላል።

ሦስተኛው ከአገር የወጣው ሰው ከአገሩ ያልተቆረጠ መሆኑ ነው። ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች የተሰደደው የጉራጌ ተወላጅ በመስቀል ወደ ቀዬው ይመለሳል። በከተማም ሳለ ከአገሩ ልጆች ጋር በዕቁብና በዕድር ተሳስሮ ይኖራል። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ኢትዮጵያ የመረዳጃ ማኅበራት ባሳተሙት ጽሑፍ ዕቁብና ዕድርን ለምርመራ ማቅረባቸው፣ ተራ የኑሮ ልማድ ይመስል የነበረው ነገር በዕውቀት ሚዛን ሊመዘን የሚገባው መሆኑን ቀደም ብሎ ያመለከተ ሥራ ነው።

መንገድ የሠራው ማኅበር

ከእነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድነት የተወለደው፣ ለመሐንዲስም ይበልጥ ቅርብ የሆነው ታሪክ የመንገድ ማኅበራቱ ታሪክ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የመንግሥት ትኩረት ዋና ዋናዎቹን ጎዳናዎች በመጠገንና በማስፋፋት ላይ ስለነበረ፣ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብለው የሚገኙት ወረዳዎች ተራቸው እስኪደርስ ይጠብቁ ነበር። ከዘቢዳር ተራራ የሚወርዱት ወንዞች በክረምት ሲሞሉ፣ የምሥራቁ ቆላ ሰው ከገበያና ከሐኪም ቤት ተቆርጦ ይከርማል። ከዚህም የተነሣ በ1950ዎቹ ውስጥ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች የዓለም ገና ወላሞ ሶዶ የመንገድ ሥራ ማኅበር ተብሎ የታወቀውን ድርጅት መሠረቱ። የመንገዱ ሐሳብ ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል አልፎ ዛሬ ወላይታ ሶዶ ከምትባለው ከተማ የሚደርስ ነበር። በምዕራቡም በኩል ሰባት ቤቶች ለየበኩላቸው አካባቢ መንገድ ለማውጣት ተመሳሳይ ኅብረት ፈጠሩ።

ማኅበሩ የሠራበት ዘዴ ነው ትምህርቱ። ነጋዴውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ የቀን ሠራተኛውም እንደ አቅሙ ያዋጣል። መዋጮው የሚሰበሰበው ግን ሰው በተናጠል እየተለመነ አይደለም፤ እያንዳንዱ በመጣበት አካባቢና በዘመድ ማሠሪያው በተደራጀ ኮሚቴ በኩል ነው እንጂ። ያላዋጣ ሰው ከአገሩ ልጆች ፊት መቆም ያፍራል። ያዋጣው ደግሞ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ የመጠየቅ መብት አለው። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው መዋጮ ከመንግሥት ድጋፍ ጋር ተዳምሮ መንገዱን አንቀሳቀሰ። በቅየሳ መሣሪያ የማይለካው፣ በሒሳብ መዝገብም በአንድ ዓምድ የማይጻፈው መተማመን ጠጠርና ሲሚንቶ ሆኖ መሬት ላይ ወጣ ማለት ይቻላል።

ይህ ሥራ በሚካሄድበት ጊዜ ነገሩን በሶሺዮሎጂ ዓይን የመረመረ ኢትዮጵያዊ መገኘቱ ለታሪኩ መልካም ዕድል ነበር። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ርዕሱ በኢትዮጵያ ያሉ የተወላጆች ማኅበራትና የከተማና የገጠር ግንኙነት ሲሆን፣ ዋናው ምሳሌውም ይኸው የዓለም ገና ወላሞ ሶዶ የመንገድ ሥራ ማኅበር ነው። በዚያን ጊዜ በብዙ ምሁራን ዘንድ የነበረው ግምት፣ ሰው ወደ ከተማ ሲገባ የጎሣና የአካባቢ ትስስሩ ይፈርሳል፣ ካልፈረሰም ለዕድገት እንቅፋት ይሆናል የሚል ነበር። የመንገድ ማኅበሩ ታሪክ ግን ይህን ግምት ይቃረናል። የቆየው ትስስር ዘመናዊውን መንገድ ለመሥራት መሣሪያ ሆኗልና። እንግዲህ በቡታጅራ ትምህርት ቤት የተቀመጠ ተማሪ አባቱ ባዋጣበት መንገድ እየተመላለሰ ሲማር፣ በለንደን የተመረመረው ይኸው የአባቱ መዋጮ በትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ገጽ አልተሰጠውም።

የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ወደ ገጠር

ተማሪውን ከኅብረተሰቡ ጋር ለማገናኘት የተደረገው ሙከራ ግን ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው እንዲያገለግሉ ተደረገ። አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ በመምህርነት ተመደቡ። ከዚያም አብዮቱ ፈነዳና ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀ። በዚህ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ሲሰማሩ፣ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሌላ የዘመቱት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረሻ ክፍሎች ይማሩ የነበሩት ወጣቶች ናቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣም ገበሬውን በማኅበር የማደራጀቱ ሥራ በብዙ ሥፍራ በእነርሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ዘመቻው ለወጣቱ ስለ አገሩ ኑሮ ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ ነገር አሳይቶታል። ሆኖም አንድ መሠረታዊ ጉድለት ነበረበት። ዘማቹ የተላከው ሊያስተምር፣ ሊያደራጅና ሊያነቃ ነው እንጂ ሊጠይቅና ሊመዘግብ አይደለም። መልሱን ይዞ የሄደ ሰው ጥያቄ ለመጠየቅ ትዕግሥት የለውም። ቀጥሎም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፖለቲካ ትምህርት ሲገባ፣ ስለ ኅብረተሰብ መማር ማለት ስለ መደብ ትግልና ስለ ታሪክ ሕግጋት የተደነገገውን መልስ ማጥናት ሆነ። በዩኒቨርሲቲም የሶሺዮሎጂው ትምህርት ከማኅበራዊ አገልግሎቱ ጋር ተቀላቅሎ በተግባራዊ ሶሺዮሎጂ ስም ተደራጀ። የማኅበራዊ አገልግሎቱም ትምህርት ቤት ዳግመኛ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ1983 ዓ.ም. የፖለቲካ ትምህርቱ ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ሲወገድ፣ ወላጁም መምህሩም «ስለ ኅብረተሰብ ትምህርት» የሚለውን ነገር በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም።

የቡታጅራ ቆጠራ

መጠየቅንና መመዝገብን ዋና ሥራው ያደረገ ጥናት የመጣው ባልተጠበቀ በር፣ በጤና በኩል ነው። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራን ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የተባለውን ሥራ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ መስቃንና ማረቆ ይባል ከነበረው ወረዳ አሥር ቀበሌዎች በዕጣ ተመረጡ። ዘጠኙ የገጠር ሲሆኑ አንደኛው የከተማ ነው። በእነዚህ ቀበሌዎች የሚኖረው ወደ 28 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ቤት ለቤት ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ ቆጣሪዎቹ በየጊዜው ወደ እያንዳንዱ ቤት እየተመለሱ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ወደ መንደሩ እንደገባና ማን እንደወጣ መዘገቡ።

የዚህ ዘዴ ብልሃት ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። የሕንፃ መሠረት ለመጣል መሬቱ ሁሉ አይቆፈርም፤ ሥፍራቸው በጥንቃቄ ከተመረጠ ጥቂት ጉድጓዶች የወጣው አፈር ስለ ቀሪው መሬት ይናገራል። ምርጫው ለአስቆፋሪው እንዲመች ተብሎ ከተደረገ ግን ናሙናው ይዋሻል። ቀበሌዎቹም በዕጣ የተመረጡት ለዚሁ ነው። ለመንገድ የቀረበውና መኪና የሚገባበት ቀበሌ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ፣ የወረዳው ሕፃናት በእውነት ከሚደርስባቸው ይልቅ ጤነኞች መስለው በታዩ ነበር። መንገድ የሌለበት ሰው ከመዝገቡ ውጭ ይቀራልና።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋና የሆነው የቆጣሪዎቹ ማንነት ነው። ቤት ለቤት የዞሩት የአካባቢውን ቋንቋና መንገድ የሚያውቁ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። በትምህርት ቤት ሶሺዮሎጂ የሚባል ትምህርት አላገኙም። ነገር ግን ተገቢው ሥልጠና ሲሰጣቸው ጥያቄን ሳያጣምሙ መጠየቅ፣ መልስን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ፣ የሰማውንም የቤት ምስጢር ለጎረቤት አለማውጣት የሚጠይቀውን ሥራ ለብዙ ዓመታት ተወጡት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለኅብረተሰብ ጥናት አልደረሰም የሚለው ክርክር መልሱን ያገኘው በቡታጅራ ነው።

ጥናቱም እያደገ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የአእምሮ ሕመም ጥናት በአካባቢው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ያዳረሰ ሲሆን፣ ሕሙማኑን ለማግኘት ሁለት መንገዶች ተጠቅሟል። አንደኛው የተዘጋጀ መጠይቅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ የሚያውቁ የአገር ሰዎችን መጠየቅ ነው። በአንደኛው ያመለጠው በሌላው ተገኝቷል። መለኪያና የአገር ሰው ዕውቀት ሊደጋገፉ እንጂ ሊፎካከሩ እንደማይገባ ይህ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው።

ሌላው ምሳሌ መራራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት ኢትዮጵያን የወከለው የቡታጅራ አካባቢ ነበር። ሦስት ሺህ ያህል ሴቶች በሴት ጠያቂዎች ተጠይቀው፣ ትዳር ወይም የወንድ ጓደኛ ከነበራቸው መካከል 71 በመቶው በሕይወታቸው ዘመን ከዚሁ ሰው አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ታወቀ። ይህ አኃዝ ጥናቱ ከተካሄደባቸው ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በሽማግሌ ፊት ያልተነገረው፣ በዕድር ያልተነሣው፣ በጀፎረ ላይ ያልወጣው የቤት ውስጥ ጉዳት በጥያቄና በምስጢር ጠባቂነት ብቻ ወደ ብርሃን ወጣ። የቆየው ሥርዓት መንገድ የማሠራት ኃይል እንደነበረው ሁሉ፣ የደካማውን ድምፅ የመሸፈን ኃይልም ነበረው። የኅብረተሰብ ጥናት የሚያስፈልገው አንደኛውን እያወደሱ ሌላውን ላለመርሳት ነው።

ትምህርቱ አሁን ያለበት ደረጃ

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛንና 12ኛን ክፍል የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ አድርጎ፣ ተማሪውን በተፈጥሮ ሳይንስና በኅብረተሰብ ሳይንስ ሁለት ዘርፎች ከፈለው። ከዚያ ወዲህ የክፍሎቹ አወቃቀርና ፈተናው ቢለዋወጥም፣ ክፍፍሉ እንዳለ ነው። በዚህም የተነሣ ወደፊት መሐንዲስ የሚሆነው ወጣት ከታሪክና ከጂኦግራፊ ጋር የሚለያየው አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገቡት 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ኅብረተሰብ ሳይንስ እንዲመደቡ ተወሰነ። ጎበዝ የተባለው ተማሪ ሁሉ ወደ አንድ ወገን እንዲያይ ይህ የበኩሉን ግፊት አድርጓል።

የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. በጉብሬ ማስተማር ሲጀምር ከፍተኛ ትምህርት ወደ ጉራጌ ምድር ደጃፍ መጣ። በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በመላው አገሪቱ ሲመለስም፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ለሁለቱም ዘርፎች ተማሪዎች ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ሆነ። ይህ የሚመሰገን እርምጃ ነው፤ የምሕንድስና ተማሪ ስለ ሕዝቦች አኗኗር በሥርዓት የሚማርበት ዕድል ተገኝቷልና።

ነገር ግን ዕድሉ የተቀመጠው ከበሩ ወዲያ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የማካካሻ ትምህርት የተፈቀደላቸው ቢጨመሩ እንኳ፣ ለአብዛኛው ወጣት 12ኛ ክፍል የትምህርት መጨረሻ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ይቆይ የተባለ ዕውቀት ለእነዚህ ወጣቶች ፈጽሞ አይደርስም። የዕድሩ ጸሐፊ፣ የውኃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ፣ የቀበሌው ሹም፣ የመንገድ ማኅበሩ አስተባባሪ የሚሆኑት ግን በአብዛኛው እነርሱ ናቸው።

ምን ቢደረግ?

ሶሺዮሎጂ እንደ አንድ ተጨማሪ የፈተና ትምህርት ቢገባ መልካም አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በሌሎች አገሮች የሆነው ይህ ነውና ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በአገራችን ሁኔታ ግን ሁለት ነገሮችን ማመዛዘን ይገባል። የመጀመሪያው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ አስቀድሞ የተጣበበ መሆኑና ለትምህርቱ የሠለጠነ መምህር በየወረዳው አለመዳረሱ ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ ስለ ኅብረተሰብ የሚሰጥ ትምህርት መጠየቅን ካላስተማረ በቀላሉ ወደ ስብከት የሚለወጥ መሆኑ ነው። የፖለቲካ ትምህርቱ ዘመን ይህን አሳይቷል። የሊቃውንትን ስምና ትርጓሜ በቃል አጥንቶ በፈተና ወረቀት ላይ መገልበጥም ቢሆን፣ ዓይነቱ ይለይ እንጂ ያው ስብከት ነው።

ስለሆነም ከትምህርቱ ስም ይልቅ ዘዴው ቀድሞ ቢገባ ይሻላል። በሁለቱም ዘርፎች ያለ የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተማሪ በመምህሩ መሪነት በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጉዳይ በራሱ ቀበሌ ቢመረምር፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ፈቃድ ነው። የውኃ ቦኖው ስንት ቤተሰብ ያገለግላል? ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? ወጪውን ማን ይሸፍናል? ጀፎረው እንዳለ ነው ወይስ ታጥሯል? ከታጠረ ማን ፈቀደ? ከቤተሰቡ ስንት ሰው ከተማ ገብቷል? ናሙናው በዕጣ ይመረጥ፣ ተጠያቂው ፈቅዶ ይመልስ፣ ስሙም ከመዝገቡ አይውጣ። የሒሳብ መምህሩ መቶኛውን፣ የጂኦግራፊው መምህር ካርታውን ያግዛል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪው መለኪያን ይዞ ሲመጣ፣ የኅብረተሰብ ሳይንስ ተማሪው የልማዱን ትርጉም ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም ከመለያየታቸው በፊት አንድ ጊዜ በአንድ ሥራ ላይ ይገናኛሉ።

ለዚህ ሥራ በወልቂጤና በቡታጅራ ያለው መምህር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ የለበትም። የመንገድ ማኅበሩ ታሪክ አለ፤ መዋጮ የሰበሰቡት ሽማግሌዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ፤ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ የዞረው መዝገብ ታሪክ አለ። መሐንዲሱም ቢሆን በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። የውኃ መስመር ዘርግቶ በሦስተኛው ዓመት ተቋርጦ ሲያገኘው፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ቧንቧው ሳይሆን ቧንቧውን ለማሠራት መዋጮ መሰብሰብ የነበረበት ኅብረት ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅና የሚነግረው የ12ኛ ክፍል ተማሪ በየቀበሌው ቢኖር፣ ቅየሳው ከመጀመሩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።